የባዮፕሲ ስላይድና ኤአይ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰው ሰራሽ አስተውሎት፣ በተለምዶ ኤአይ የምንለው፣ ካንሰርን ከባዮፕሲ፣ ማለትም ከሰውነት ተቆርጦ ከሚወሰድ ናሙና፣ ምስል ላይ ለይቶ ያወጣል ስለመባሉ ከታማሚ ቤተሰቦች፣ ከጤና ባለሙያዎችና ከተማሪዎች ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን ለስምንቱ መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ከእናቴ ጡት ናሙና ከተወሰደ ዘጠኝ ቀን ሆነው፤ ውጤቱ ገና ነው። የአጎቴ ልጅ ከውጭ ደውሎ «አሁን እኮ ኤአይ በሰከንድ ያየዋል፤ ምን ያስጠብቃችኋል?» አለን። እውነት እንዲህ ፈጣን ነው? (ከአዲስ አበባ)

ፈጣን የሆነው ማየቱ ነው። ናሙናው ለመታየት እስኪበቃ ያለው ሥራ ግን የትም አገር ቢሆን ቀናት ይወስዳል፤ ኤአይ ይህን አያሳጥረውም።

ከእናትዎ የተወሰደው ሥጋ መጀመሪያ ፎርማሊን በሚባል፣ እንዳይበሰብስ በሚያደርግ ፈሳሽ ውስጥ ይቆያል። ለጡት ናሙና የሚመከረው ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ነው። ከዚያ ካሴት በሚባል ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ሆኖ ፕሮሰሰር በሚባል የላብራቶሪ ማሽን ውስጥ ያድራል። እዚያ ውሃው በአልኮል ይወጣል፣ አልኮሉ ዛይሊን በሚባል ኬሚካል ይተካል፣ በመጨረሻም 60 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ፓራፊን ሰም ይገባበታል። ሰሙ ሲቀዘቅዝ ብሎክ ይሆናል። ብሎኩ ማይክሮቶም በሚባል መቁረጫ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ውፍረት ይቆረጣል፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የተቆረጠው ስስ ሽፋን ለብ ባለ ውሃ ላይ ተንሳፎ ሽብሽቡ ይፈታል፣ ስላይድ በሚባል መስታወት ይነሳል፣ ደርቆ ቀለም ይነከራል። ሄማቶክሲሊን የሚባለው ቀለም የህዋሱን እምብርት፣ ኒውክለሱን፣ ወደ ሰማያዊ ወይን ጠጅ ይለውጠዋል፤ ኢዮሲን የቀረውን ሮዝ ያደርገዋል። ስላይዱን አይቶ ውጤት የሚሰጠው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱም ሆነ ኤአይው ሥራ የሚጀምሩት ከዚህ በኋላ ነው።

ካንሰር ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱን ለመምረጥ የኢስትሮጅን፣ የፕሮጀስትሮንና የኸር-ቱ ተቀባይ (በካንሰሩ ህዋስ ላይ የሚገኙ ፕሮቲኖች) ምርመራ ይጨመራል። ለእያንዳንዱ ከዚያው ብሎክ አዲስ ሽፋን ተቆርጦ በልዩ ኬሚካል ይሠራል። ላብራቶሪው ይህን ራሱ የማይሠራ ከሆነ ብሎኩ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ ቀኑ የሚበላው እዚህ ላይ ነው።

ኤአይ ጊዜ ሊያተርፍ የሚችለው ወረፋው ላይ ነው። ፓቶሎጂስቱ ጥቂት፣ ስላይዱ ብዙ በሆነበት ቦታ አጠራጣሪውን ከክምሩ አውጥቶ ወደ ፊት ያመጣዋል። እስከዚያው «ውጤት ደረሰ?» ብለው ከመጠየቅ «ናሙናው ምን ላይ ነው? ስላይዱ ታይቷል? ተጨማሪ ምርመራ ታዟል?» ብለው ይጠይቁ። ትክክለኛ መልስ የሚያገኙት እንዲህ ሲጠይቁ ነው።

ጥያቄ፦ በእኛ ጤና ተቋም የባዮፕሲውን ብልቃጥ ወደ ላብራቶሪ የሚያደርሰው አስታማሚው ነው። ፎርማሊን ሲያልቅብን በሴላይን (በጨው ውሃ) ወይም በአልኮል እንልካለን። ወደፊት ኤአይ ሲመጣ እንዲህ ያለውን ጉድለት ያካክሰዋል? (ነርስ፣ ከጎንደር)

አያካክሰውም፤ እንዲያውም ከሰው ይልቅ ይሳሳትበታል። ልምድ ያለው ፓቶሎጂስት የተበላሸ ናሙና ሲያይ «ይሄ በአግባቡ አልተቀመጠም» ብሎ ሌላ ናሙና ይጠይቃል። ኤአይ ግን «አይታወቅም» ማለት ካልተማረ፣ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ከሚሉት ሁለት መልሶች አንዱን ያለ ምንም ማመንታት ይሰጣል።

ከሰውነት የወጣ ህዋስ በራሱ ኢንዛይም መፈጨት ይጀምራል። ሴላይን ይህን አያስቆመውም። አልኮል ያስቆመዋል፣ ነገር ግን ሥጋውን ያኮማትረዋል፤ የተኮማተረ ኒውክለስ ጥቅጥቅ ብሎ ይጠቁራል። ጥቁረት ደግሞ ከካንሰር ህዋስ ምልክቶች አንዱ ነውና ማሽኑን ወደ ስህተት ለመምራት ከዚህ የተሻለ ወጥመድ የለም። የኸር-ቱ ምርመራም በአልኮል በቆየ ናሙና ላይ አይታመንም።

ፎርማሊኑን እዚያው ማዘጋጀት አይከብድም። ለ1 ሊትር የሚያስፈልገው ከፋብሪካ የመጣ ፎርማሊን፣ ማለትም ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ያለው፣ 100 ሚሊ ሊትር፤ የተጣራ ውሃ 900 ሚሊ ሊትር፤ ሶዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት ሞኖሃይድሬት 4 ግራም፤ ውሃ አልባው ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት 6.5 ግራም ነው። ጓንት አድርጋችሁ፣ አየር በሚንሸራሸርበት ቦታ ቀላቅሉ። ሁለቱን ጨዎች «ምን ያደርጋሉ» ብሎ መተው የተለመደ ነው። ያለ እነሱ ግን ፎርማሊኑ እየቆየ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ከደሙ ጋር ተዋህዶ በስላይዱ ላይ ቡናማ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል። ሰው ነጠብጣቡን አውቆ ያልፈዋል፤ ማሽኑ ማለፉን ማንም አያረጋግጥላችሁም።

የፎርማሊኑ መጠን ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ወደ ሥጋ የሚዘልቀው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሙሉ ጡት እንዳለ ባልዲ ውስጥ ቢነከር መሃሉ ፎርማሊን ሳይደርሰው ይበሰብሳል። ስለዚህ በ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት መሰንጠቅ አለበት፤ ናሙናው ከሰውነት ከወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ይግባ። የወጣበትንና የገባበትን ሰዓት የጥያቄ ወረቀቱ ላይ ጻፉ። አፉ ሰፊ የሆነ ብልቃጥ ተጠቀሙ፤ ስሙን ክዳኑ ላይ ሳይሆን ገላው ላይ ለጥፉ፣ ክዳን ከክዳን ይቀያየራልና። ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ሲጠረጠር ወይም ለባክቴሪያ ካልቸር ሲፈለግ ግን ናሙናው ያለ ፎርማሊን ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድማችሁ ላብራቶሪውን ደውላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለማስተርስ ጥናቴ «ብሬክሂስ» የሚባለውን የጡት ምስል ስብስብ አውርጄ ያሰለጠንኩት የኤአይ ሞዴል 99 በመቶ ትክክል ሆነ። አማካሪዬ ግን አላመነም፤ «እንደገና ፈትሸው» አለኝ። ምኑን ነው የምፈትሸው? (ከባሕር ዳር)

አማካሪህ ልክ ነው። መጀመሪያ ምስሎቹን ለማሰልጠኛና ለመፈተኛ እንዴት እንደከፈልካቸው ተመልከት። ብሬክሂስ 7,909 ምስሎች አሉት፤ የተገኙት ግን ከ82 ታማሚዎች ብቻ ነው፣ ያውም በአራት የማጉያ ደረጃዎች። ምስሎቹን በዘፈቀደ በውዘህ ከከፈልካቸው የአንዲት ታማሚ ሥጋ ግማሹ ማሰልጠኛው ውስጥ፣ ግማሹ ፈተናው ውስጥ ይገኛል። ሞዴሉ ያኔ ካንሰርን ሳይሆን ታማሚዋን ነው የሚያስታውሰው። በፋይሉ ስም ውስጥ የስላይዱ መለያ ቁጥር አለ፤ በእሱ ከፋፍለህ ድጋሚ አሰልጥን። ውጤትህ መውረዱ አይቀርም፤ እውነተኛው ቁጥር የወረደው ነው።

ሌላው የመነሻ ነጥቡ ነው። ከ7,909ኙ 5,429 የካንሰር፣ 2,480 ካንሰር ያልሆኑ ናቸው። ምንም ሳያይ ሁሉንም «ካንሰር» የሚል ፕሮግራም 68.6 በመቶ ትክክል ይሆናል። ስለዚህ ትክክለኛነት የሚባለው አንድ ቁጥር ብቻውን አያሳምንም። ካንሰር ካለባቸው ስንቱን እንዳገኘ፣ ከሌለባቸው ስንቱን በነጻ እንዳሰናበተ ለየብቻ ጻፍ። የካንሰሩ ድርሻ ሲለዋወጥ የሚሆነውንም አስላው። ካንሰር ካለባቸው 95 በመቶውን የሚያገኝ፣ ከሌለባቸው 90 በመቶውን በትክክል የሚለይ ሞዴል አለ እንበል። ከ1,000 ስላይድ 200ው ካንሰር በሆነበት ሆስፒታል 190ውን ያገኛል፣ 80 ጤነኛ ስላይድ በስህተት ይጠቁማል፤ ከጠቆማቸው 70 በመቶው እውነት ነው። ከ1,000 ስላይድ ካንሰሩ 20 ብቻ ከሆነ ግን 19 አግኝቶ 98 በስህተት ይጠቁማል፤ ከስድስት ጥቆማ አንዱ ብቻ እውነት ሆነ ማለት ነው። ሞዴሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ቦታው ነው።

ቀለሙንም መርምር። እያንዳንዱ ላብራቶሪ የራሱ የቀለም ድምቀት፣ የራሱ የሽፋን ውፍረት፣ ስላይዱን ወደ ኮምፒውተር ምስል የሚለውጥ የራሱ ስካነር አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 «ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ» ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ቲሲጂኤ በሚባለው ትልቁ የአሜሪካ የካንሰር ምስል ስብስብ ላይ የሰለጠኑ ሞዴሎች ምስሉ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ ለይተው ያውቃሉ። አንዱ ሆስፒታል ብዙ የጠና ታማሚ ከላከ ሞዴሉ የሆስፒታሉን ቀለም አይቶ «የጠና ነው» ይላል። ቀለምን በማሰልጠኛ ጊዜ ሆን ብሎ ማዘበራረቅ ይረዳል፤ ማሴንኮ የሚባለው ቀለም የማመሳሰያ ዘዴም እንዲሁ። የማያወላዳው ፈተና ግን ሞዴሉ አንድም ምስሉን ካላየው ሆስፒታል በመጡ ስላይዶች ላይ መሞከር ነው። አንዱን ሆስፒታል በሙሉ ለፈተና ለይተህ አስቀምጥ።

የእስክሪብቶ ምልክትም አለ። ፓቶሎጂስቶች ካንሰር ያለበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በቀለም ያከቡታል፤ ሞዴሉ ክቡን አይቶ «ካንሰር» ማለት ከተማረ ውጤቱ ያማረ፣ ጥቅሙ ዜሮ ነው። ሥጋውን በነጭ ሸፍነህ ጠርዙንና ባዶውን ቦታ ብቻ ስጠው። ያኔም ትክክል ከመለሰ የተማረው ሌላ ነገር ነው።

ወደ ሙሉ ስላይድ ለመሸጋገር ካሰብክ መጠኑን እወቀው። 15 በ15 ሚሊ ሜትር የሆነ ሥጋ አንድ ፒክስል (የምስል ነጥብ) 0.25 ማይክሮን ሆኖ ሲነሳ 60,000 በ60,000 ፒክስል፣ ማለትም 3.6 ቢሊዮን ፒክስል ይሆናል። 256 በ256 ሆኖ ሲቆራረጥ ወደ 55,000 ቁራጭ ይወጣዋል። እያንዳንዱን ቁራጭ ሐኪም አስቀምጦ ምልክት ማስደረግ አይታሰብም። መፍትሔው በኒውዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 «ኔቸር ሜዲስን» ላይ በወጣው ሥራ ከ15,187 ታማሚዎች የተገኙ 44,732 ስላይዶች ያለ አንዳች የእጅ ምልክት፣ በሪፖርታቸው ብቻ ነው ያሰለጠኑት። «በዚህ ስላይድ ውስጥ የሆነ ቦታ ካንሰር አለ» ከተባለ የትኛው ቁራጭ እንደሆነ ሞዴሉ ራሱ ፈልጎ ይደርስበታል። አንተ ከዜሮ መጀመር አያስፈልግህም። ዩኒ የተባለው፣ ከ100,000 በላይ ስላይድ ያየ ሞዴል ለምርምር ለጠየቀ ይሰጣል። በእሱ የቁራጮቹን ገጽታ ወደ ቁጥር ለውጠህ ካስቀመጥክ በኋላ ያለውን ሥልጠና አንድ ጂፒዩ (የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ) ይችለዋል።

ስትጽፍ ደግሞ «ከ100 የካንሰር ስላይድ አንድም አላመለጠውም» ብለህ እንዳትኩራራ። ከ100 ዜሮ ስህተት ማለት፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ እውነተኛው የማምለጥ መጠን እስከ 3 በመቶ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። 3ን በናሙናው ብዛት ማካፈል ነው፤ ስሌቱ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ኤአይ ከፓቶሎጂስቶች በለጠ የሚል ዜና በየጊዜው እሰማለሁ። ታዲያ ለምን አይተካቸውም? (ከአዳማ)

ከዜናዎቹ አብዛኞቹ የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ2016 ኔዘርላንድ ውስጥ የተካሄደውን ካሜሊዮን የተባለ ውድድር ነው። የጡት ካንሰር ወደ ብብት ንፍፊት መዛመቱን ከስላይድ ማግኘት ነበር ሥራው። 129 የፈተና ስላይዶች ለ11 ፓቶሎጂስቶች በሁለት ሰዓት ገደማ እንዲያዩ ተሰጡ፤ አንድ ስላይድ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ማለት ነው። ውጤቱ የተለካው፣ ካንሰር ያለበትና የሌለበት ስላይድ በዕጣ ቢወጡ ካንሰር ያለበት ይበልጥ አጠራጣሪ ተብሎ የመታየቱ ዕድል ምን ያህል ነው በሚል ነው። የአሸናፊው ኮምፒውተር 0.994፣ የ11ዱ ሐኪሞች አማካይ 0.810 ሆነ። ዜናው እዚህ ያቆማል። ያለ ሰዓት ገደብ፣ 30 ሰዓት ያህል ወስዶ ያየው ሌላ ፓቶሎጂስት ግን 0.966 አግኝቷል። የተለካው እንግዲህ ከዕውቀቱ ይልቅ ጥድፊያው ነው።

እውነት ለመናገር ጥድፊያው የዕለት ተዕለት ኑሮ ስለሆነ ውጤቱ ዋጋ አለው። ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰን የካንሰር ጎጆ በሊምፎሳይት (ነጭ የደም ህዋስ) ክምር ውስጥ መፈለግ ምስር ውስጥ ጠጠር እንደመልቀም ያለ ሥራ ነው፤ ዓይን ይደክማል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት 6 ፓቶሎጂስቶች 70 ስላይዶችን በኤአይ እየታገዙና ሳይታገዙ አይተዋል። ትንንሾቹን የማግኘት አቅማቸው ከ83 ወደ 91 በመቶ ከፍ አለ፤ የሚወስድባቸው ጊዜም በአማካይ ከ116 ወደ 61 ሰከንድ ወረደ። ማሽኑ ብቻውን ከሚሠራው ይልቅ ሁለቱ አብረው የሚሠሩት ነው ለሆስፒታል የሚጠቅመው።

ለመተካት ያለው እንቅፋት የጥያቄው ጥበት ነው። ካሜሊዮን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የጡት ካንሰር እዚህ አለ ወይስ የለም? ኢትዮጵያ ውስጥ ያበጠ ንፍፊት ሲመጣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ብዙ ጊዜ ቲቢ ነው፤ ሊምፎማም ሊሆን ይችላል። ቲቢን አይቶ የማያውቅ ሞዴል የቲቢን ግራኑሎማ (የህዋስ ክምችት) ካንሰር ሊለው ይችላል፤ ወይም «ካንሰር የለም» ብሎ ቲቢ ያለበትን ሰው ባዶ ሪፖርት ያሲዘዋል። ፓቶሎጂስት ያልተጠየቀውንም ያያል። በተጨማሪ ብብቱ ውስጥ ካሉት ንፍፊቶች የትኞቹ ተቆርጠው እንደገቡ የሚወስነው ሥጋውን በእጁ የዳሰሰው ባለሙያ ነው፤ ካሴት ውስጥ ያልገባን ካንሰር የትኛውም ኤአይ አያገኘውም።

ጥያቄ፦ አባቴ የፕሮስቴት ባዮፕሲ ተደርጎለት ሪፖርቱ ላይ «ግሊሰን 3+4» ይላል። እዚህ አሜሪካ ለፕሮስቴት የተፈቀደ ኤአይ እንዳለ አንብቤአለሁ። የአባቴን ስላይድ በእሱ ማስመርመር እችላለሁ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ያነበቡት ፔጅ ፕሮስቴት ስለተባለው ሶፍትዌር ይመስላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን፣ ኤፍዲኤ፣ በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ፈቅዶታል፤ በፓቶሎጂ ምስል ላይ ካንሰርን ለመጠቆም የተፈቀደ የመጀመሪያው ኤአይ ነው። ለፈቃዱ በቀረበው ጥናት 16 ፓቶሎጂስቶች 527 ስላይዶችን አይተዋል፤ 171ዱ ካንሰር ነበሩ። በኤአይው ሲታገዙ ካንሰሩን የማግኘት አቅማቸው በአማካይ በ7.3 በመቶ ተሻሽሏል።

ይህ ግን ለአባትዎ ጉዳይ መልስ አይሰጥም። የተፈቀደው ሥራ ሐኪሙ «ካንሰር የለም» ብሎ ሊያልፈው የሚችለውን ስላይድ «እዚህች ጋ ደግመህ እይ» ብሎ መጠቆም ነው። የአባትዎ ካንሰር ተገኝቷል፤ ጥያቄው ደረጃው ላይ ነው። ግሊሰን የፕሮስቴት ካንሰርን ክብደት መለኪያ ነው፤ 3+4 ማለት የሚበዛው ክፍል ቀለል ያለው 3፣ ቀሪው 4 ነው፤ የደረጃ ምድቡ 2 ይባላል። 4+3 ቢሆን ድምሩ ያው 7 ቢሆንም ምድቡ 3 ነው፤ ሕክምናውም ሊለወጥ ይችላል። በ3+4 እና በ4+3 መካከል ፓቶሎጂስቶችም ይለያያሉ። ደረጃ የሚሰጥ ኤአይም በምርምር ደረጃ በርትቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የተካሄደው ፓንዳ የተባለው ዓለም አቀፍ ውድድር ከ10,000 በላይ የፕሮስቴት ባዮፕሲ ስላይዶች ቀርበውበት ነበር። ይሁንና ኤአይው ለታማሚ በቀጥታ አይሸጥም፤ ላብራቶሪው ገዝቶ ካስገባው ብቻ ነው። ሐኪሙን «ስላይዱ በዲጂታል ነው የታየው? ኤአይ ታግዞበታል?» ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው።

በእኛ ግምት ገንዘብዎንና ጊዜዎን በፕሮስቴት ላይ ብቻ የሚሠራ ፓቶሎጂስት ስላይዱን ድጋሚ እንዲያየው ቢያውሉት ይሻላል። ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ስላይዶቹ፣ ካስፈለገም ብሎኮቹ እንዲላኩ ይጠይቁ። አባትዎ ባዮፕሲውን ያደረጉት አገር ቤት ከሆነ ብሎኩን በእጅ ሻንጣ ይዞ መምጣት ይቻላል። ሰሙ ከ56 ዲግሪ ጀምሮ ስለሚቀልጥ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ስላይዶቹም በስላይድ መያዣ ይሁኑ፣ በናፕኪን የተጠቀለለ መስታወት ሳይሰበር አይደርስም። ብሎኩ አንድ ብቻ ነው፤ ሲሰጡም ሲቀበሉም ቁጥሩን አስፈርሙ።

ጥያቄ፦ ላብራቶሪያችን ስካነር የለውም፤ ካሜራ ያለው ማይክሮስኮፕ ግን አለን። ከምን እንጀምር? (የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ)

ከማይክሮቶሙ ጀምሩ። ስካነሩ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያጋልጠው እሱን ነው። አንዱ ሽፋን 3፣ ሌላው 7 ማይክሮን ከሆነ ወፍራሙ ጠቁሮ ይታያል። የታጠፈ ሽፋን ከሌላው ከፍ ስለሚል ስካነሩ ትኩረቱን እሱ ላይ ያደርግና ዙሪያው ይደበዝዛል። ከሽፋን መስታወቱ ሥር የቀረ የአየር አረፋም እንደዚያው። በውሃ መታጠቢያው ላይ ከቀደመው ታማሚ የቀረች የሥጋ ብናኝ አዲሱ ስላይድ ላይ ትለጠፋለች፤ እኛ «ፍሎተር» የምንላት ናት። ፓቶሎጂስቱ ጠርዝ ላይ ተነጥላ ስትቀመጥ አይቶ ይጠረጥራታል፣ ኤአይ ግን እንደ ታማሚው ሥጋ ይቆጥራታል። ከእያንዳንዱ ብሎክ በኋላ የውሃውን ፊት በለስላሳ ወረቀት ማንሳት ብቻውን ብዙ ያድናል። ቀለሙን በየቀኑ በአንድ በሚታወቅ የሙከራ ስላይድ ፈትሹ፤ የጠዋቱና የከሰዓቱ ቀለም ከተለያየ ሄማቶክሲሊኑ ተዳክሟል።

ካሜራችሁን ለቁጥር ሥራ መጠቀም ትችላላችሁ። ኪውፓዝ የተባለው ነጻ የስላይድ ምስል መተንተኛ ሶፍትዌር፣ ቤልፋስት በሚገኘው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው፣ 16 ጊጋባይት ራም ባለው ተራ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። መጀመሪያ 1 ሚሊ ሜትር መቶ ቦታ የተከፈለበትን የመለኪያ መስታወት በምትጠቀሙበት ሌንስ አንሱና አንድ ፒክስል ስንት ማይክሮን እንደሆነ አስሉ። ይህን ቁጥር ሳትሰጡት ሶፍትዌሩ የህዋስ መጠን አያውቅም፤ ሊምፎሳይቱን ከካንሰር ህዋሱ ጋር ቀላቅሎ ይቆጥርላችኋል። የብርሃኑን ነጭነት ባዶ መስታወት ላይ አስተካክላችሁ ቆልፉት፤ ካሜራው በራሱ እንዲያስተካክል ከተተወ እያንዳንዱ ፎቶ ሌላ ቀለም ይሆናል። ኬአይ-67 (ህዋስ እየተባዛ መሆኑን የሚያሳይ ፕሮቲን) መቁጠር ጥሩ መነሻ ነው፦ ቢያንስ 500 የካንሰር ህዋስ፣ በሰው ከተቆጠረው ጋር እያመሳከራችሁ።

ስካነር ሲታሰብ ከዋጋው በፊት ማስቀመጫውን አስሉ። አንድ ስላይድ ተጨምቆም 1 ጊጋባይት ገደማ ነው። በቀን 100 ስላይድ፣ በዓመት 300 የሥራ ቀን ቢሆን 30 ቴራባይት። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሆነ መስመር አንዱን ለመላክ 13 ደቂቃ፣ መቶውን ለመላክ 22 ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ ኤአይው እዚያው ግቢ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ቢሠራ ይመረጣል። መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ የተጀመረው ስላይድ ከነፋይሉ ይበላሻልና ዩፒኤሱ (የመጠባበቂያ ባትሪው) ቢያንስ የተጀመረውን የሚያስጨርስ ይሁን።

ማሽኑ ከተተከለ በኋላም በሪፖርት ላይ ከመጠቀማችሁ በፊት 60 ታማሚዎችን ምረጡ። ፓቶሎጂስቱ እነሱኑ በማይክሮስኮፕ፣ ከዚያም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ማለትም ከረሳቸው በኋላ፣ በስክሪን ይያቸው። የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ መመሪያ ይህንኑ ይላል። ሁለቱ ከ95 በመቶ በታች ከተስማሙ ምክንያቱ እስኪታወቅ አቁሙ። አስቸጋሪዎቹን ሆን ብላችሁ አስገቡ፤ ሁሉም ግልጽ ካንሰር የሆነበት ፈተና ምንም አይፈትንም።

ጥያቄ፦ ስላይዱን በስልኬ በማይክሮስኮፕ ላይ አንስቼ ቻትቦት ብጠይቀውስ? (ከዱባይ)

አይጠይቁት። ከሙሉ ስላይድ ውስጥ በአንድ ፎቶ የገባው አንድ ጥግ ነው፤ ካንሰሩ ሌላኛው ጥግ ላይ ሊሆን ይችላል። አጠቃላይ ቻትቦቶች ለዚህ ሥራ አልተፈተኑም፣ አልተፈቀዱም፤ ሲሳሳቱም በሚያምር ቋንቋ ነው። ይልቅ የሪፖርቱን ቃላት እንዲያብራራልዎ ይጠቀሙበት፤ ስም፣ የካርድ ቁጥርና የሆስፒታል ስም አጥፍተው። የተረዱትንም ለሐኪምዎ አንብበው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ የሚበዛው ባዮፕሲ ሳይሆን በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና ነው። ለቲሹ (ለሥጋ ቁራጭ) የሰለጠነ ኤአይ በእሱም ላይ ይሠራል? (የጤና መኮንን፣ ከደሴ)

አይሠራም። በመርፌ የወጣው ሲቀባ ህዋሶቹ ተደራርበው ወፍራም ክምር ይሆናሉ፤ እንደ 4 ማይክሮን ሽፋን ጠፍጣፋ አይደሉም። ፓቶሎጂስቱ የማይክሮስኮፑን የትኩረት ማስተካከያ ወዲያና ወዲህ እያዞረ በየጥልቀቱ ያያል። ስካነሩ ግን በተለመደው አሠራሩ አንድ ጥልቀት ብቻ ያነሳል፤ ደርብ በደርብ ካነሳ ደግሞ ፋይሉ በደርቦቹ ብዛት ይባዛል። ቀለሙም ሌላ ነው፤ ጊምሳ ወይም ራይት በሚባሉ ቀለሞች የተነከረ ህዋስ በሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ከተማረው ጋር አይመሳሰልም። በመርፌ ናሙና ላይ ራሱን ችሎ የሰለጠነ ሞዴል ያስፈልጋል።

ኤአይ ኖረም አልኖረ፣ ናሙናውን የሚያነበውን የሚረዱት እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ መርፌ ቢያንስ ሁለት ስላይድ ይቀቡ። አንዱን ለጊምሳ በአየር ያድርቁ። ሌላውን ለፓፕ ቀለም እርጥብ እንዳለ ወዲያው 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይክተቱ፤ ጥቂት ሰከንድ ከደረቀ ኒውክለሱ ይለጠጥና ድንበሩ ይጠፋል፣ ትልቅና አጠራጣሪ ይመስላል። ስሙን በተፋቀው የመስታወቱ ጫፍ ላይ በእርሳስ ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮሉ ውስጥ ይሟሟል።